ከብረት ጋር የተወለደው ቲታኒየም

ስለ ብረት ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ከጥንት ቀጥቃጮች ጀምረው በባቡር ሐዲድ፣ በድልድይና በመርከብ ይጨርሳሉ። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ የመረጥነው ግን ስለ ብረት ራሱ ሳይሆን ከብረት ጎን ተሸሽጎ ስለ ኖረ ሌላ ማዕድን ነው። ስሙ ቲታኒየም ይባላል። ብረት አቅላጮች ረጅም ዘመን እንደ ጠላት ሲያዩት ከኖሩ በኋላ አረብ ብረትን የሚያጠራና የሚያጠነክር ወዳጅ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ይህ ወዳጅ ዋጋው ውድ ነው፤ ሲሠራም አየሩን በጢስ ያበላሻል። በርካሽና በንጽሕና እንዴት ሊገኝ ይችላል የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን ሲያደክም ኖሮ ዛሬም ገና አልተቋጨም። ወደ ፊት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የቲታኒየም ታሪክ የሚጀምረው ከአሸዋ ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ዊልያም ግሬጎር የሚባሉ ቄስ ነበሩ። ከአገልግሎታቸው በተረፋቸው ሰዓት ድንጋይና አሸዋ መመርመር ይወዱ ነበር። በ1791 መናካን ከሚባለው ሸለቆ ጅረት ጥቁር አሸዋ አምጥተው ማግኔት ቢያስጠጉበት ተሳበ፤ ብረት እንዳለበትም ዐወቁ። ብረቱን በአሲድ አሟሙተው ካወጡ በኋላ ግን በዚያ ዘመን ከሚታወቁት ማዕድናት ከአንዱም ጋር የማይገጥም ነገር ተረፋቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1795፣ የበርሊኑ የኬሚስትሪ ሊቅ ማርቲን ክላፕሮት ሩታይል ከሚባል ቀላ ያለ ድንጋይ ያንኑ አዲስ ነገር አገኙና በጥንት ግሪኮች ተረት የምድር ልጆች በነበሩት ግዙፋን፣ በቲታኖች ስም ጠሩት። በኋላም እርሳቸው ያገኙትና ግሬጎር ያገኙት አንድ መሆኑን መርምረው አረጋገጡ። ስሙ የክላፕሮት፣ ግኝቱ ግን የቄሱ ሆኖ ቀረ።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግሬጎር ቲታኒየምን ያገኙት ከብረት ጋር ተጣብቆ መሆኑ ነው። የዚያ ዐይነቱ ጥቁር ማዕድን ዛሬ ኢልመናይት ይባላል፤ በውስጡም ብረት፣ ቲታኒየምና ኦክሲጅን ተያይዘው ይኖራሉ። ወደ ፊት የምንናገረው ሁሉ በዚህ ጥምረት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይረሳው። (በክረምት ጎርፍ ከወረደበት ቦይ ጥቁር አሸዋ በማግኔት የሚለቅሙ ታናናሾቻችንን ጊዜ አታባክኑ ብለን እንገሥጻቸው ነበር፤ ይህን ካነበብን ወዲህ ግን ዝም ብለን እናያቸዋለን።)

ቲታኒየም ብርቅ ማዕድን አይደለም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ በብዛቱ ዘጠነኛ ሲሆን ከመዳብ እጅግ ይበልጣል። ታዲያ ስለ ምን ውድ ሆነ ቢባል መልሱ ኦክሲጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ብረትን ከኦክሲጅን ለማላቀቅ ከሰልና ወናፍ ይበቃል፤ የአገራችን ቀጥቃጮችም ከጥንት ጀምሮ ያውቁበት ነበር። ቲታኒየምን ግን በከሰል ቢያግሉት ኦክሲጅኑን ለቅቆ ከሰሉን ራሱን ይይዛል፤ ከአየሩም ናይትሮጅንን ይስባል፤ የሚገኘውም ጠንካራ ሆኖ የሚሰባበር ነገር ነው። አንዱን ጌታ ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ ነጻ አይወጣም። ስለዚህ ክላፕሮት ስም ካወጡለት በኋላ ንጹሑን ቲታኒየም አንድም ሰው በደንብ ሳያይ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1910 ማቲው ሀንተር በአሜሪካ በሬንሰለር ፖሊቴክኒክ፣ ቲታኒየም ከክሎሪን ጋር የተዋሐደበትን ፈሳሽ ከሶዲየም ጋር በጥብቅ በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ አግለው ንጹሑን አወጡ። ከግሬጎር አሸዋ እስከዚያ ቀን 119 ዓመት መሆኑ ነው።

አረብ ብረት ሠሪዎች ግን ንጹሑ እስኪገኝ አልጠበቁም። እነርሱ ከቲታኒየም ጋር የተዋወቁት በሌላ በር፣ ያውም በኪሳራ በር ነው።

በኒው ዮርክ ግዛት በስተ ሰሜን አዲሮንዳክ የሚባል ተራራማና ደን የለበሰ አገር አለ። በ1826 ከአቤናኪ ሕዝብ ወገን የሆኑ ሉዊስ ኤላይጃ ቤኔዲክት የሚባሉ ሰው ማዕድን ለሚፈልጉ ነጋዴዎች ጥቁርና ከባድ ድንጋይ አሳይተው ወደ ቦታው መሩዋቸው። ከነጋዴዎቹ መካከል አርችባልድ ማክንታየርና ዴቪድ ሄንደርሰን ይገኙባቸዋል። በሀድሰን ወንዝ ራስጌ ያገኙት የብረት ማዕድን ብዛት አስደነቃቸው፤ በወንዙ ላይ ተጋድሞ ግድብ እስከ መምሰል የደረሰ ነበር። እቶን ሠሩ፤ መንደርም መሠረቱ። ነገር ግን ሥራው ከጅምሩ አልቀና አላቸው። ወናፉን የሚያንቀሳቅሰው የውሃ ኀይል ስላነሰ ሄንደርሰን በ1845 ሌላ የውሃ መንገድ ሊፈልጉ ወደ ጫካ ገብተው ሳለ የገዛ ሽጉጣቸው በድንገት ተተኩሶ ሞቱ። ወራሾቻቸውና ባልደረቦቻቸው ተስፋ አልቆረጡም፤ በ1854 ታላቅ የድንጋይ እቶን አቆሙ። በ1856 ጎርፍ መጣ፤ በ1857 በአገሩ ሁሉ የገንዘብ ቀውስ ሆነ፤ በ1858 ገደማ ሥራው ቆመ፤ መንደሩም ባዶ ቀረ። እቶኑ እስከ ዛሬ በዛፎች መካከል ቆሞ ይታያል።

ለዚህ ውድቀት የገበያው ርቀትና የመንገዱ ክፋት ትልቅ ምክንያት ነበሩ። ይሁን እንጂ ማዕድኑ ራሱም አስቸጋሪ ነበር። ከብረቱ ጋር ቲታኒየም በብዛት ነበረበት። በእቶን ሥራ ላይ የድንጋዩ ቆሻሻ ቀልጦ እንደ ውሃ መፍሰስና ከብረቱ መለየት አለበት፤ ቲታኒየም የበዛበት ዝቃጭ ግን እንደ ገንፎ ይወፍራል። ከዚህም በላይ ከከሰሉና ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ እሳት የማይበግረው ቅርፊት ይሆንና በእቶኑ ወለል ላይ ይጋገራል። የእቶን ሠራተኞች ቲታኒየም ያለበትን ድንጋይ እንደ መርዝ ይሸሹት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። የሚያስገርመው ነገር በዛሬው ዘመን ታላላቅ የብረት ፋብሪካዎች የእቶናቸው ወለል ሲሳሳ ኢልመናይት ሆን ብለው ይጨምሩበታል፤ ያ የተጠላው ቅርፊት አሁን ጡቡን ከመበላት የሚያድን ልባስ ሆኗልና።

ይህን የተጠላ ድንጋይ ለማስታረቅ የተነሡት ኦጉስት ሮሲ የሚባሉ ፈረንሳይ የተወለዱ መሐንዲስ ነበሩ። በ1890ዎቹ፣ የአዲሮንዳክ መንደር ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቲታኒየም ያለበት ማዕድን ከተገቢ ማዋሐጃ ድንጋይ ጋር ቢቀላቀል ሊቀልጥ እንደሚችል በትንሽ እቶን ሞክረው አሳዩ። ብረት ነጋዴዎቹ ግን አላመኑዋቸውም፤ በሌላ ቦታ ቲታኒየም የሌለበት ርካሽ ማዕድን ሞልቷቸው ነበርና። ሮሲ በዚህ ጊዜ ጥያቄውን ገለበጡት። ቲታኒየሙን ከብረቱ ማባረር ቢያቅት፣ ቲታኒየሙን ራሱን ለብረት መሸጥ አይቻልምን አሉ። በእኛ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተደረጉት ነገሮች ሁሉ ብልኀት ያለበት ይህ ነው።

ለዚህም የሚሆነው ኀይል በዚያን ጊዜ ተገኝቶ ነበር። በ1895 የናያግራ ፏፏቴ ውሃ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ፤ በዙሪያውም የኤሌክትሪክ እቶኖች በቀሉ። ሮሲ ወደዚያ ሄደው ቲታኒየም ያለበትን ማዕድን በኤሌክትሪክ እቶን እያቀለጡ ከብረት ጋር የተቀየጠ ቲታኒየም አወጡ። ይህ ቅይጥ ፌሮቲታኒየም ይባላል። በ1906 በናያግራ ፎልስ ከተማ የቲታኒየም ቅይጥ ፋብሪካ ተቋቋመ። ያን ጊዜ የሚሠራው ቅይጥ ካርቦን ያለበትና ቲታኒየሙ ከመቶ 15 ገደማ የሆነ ነበር፤ ለባቡር ሐዲድ የሚሆን አረብ ብረት ሲቀልጥ በጥቂቱ ይጨመርበት ጀመር። ሮሲ በ1918 በአሜሪካ ለኬሚስትሪ ሊቃውንት የሚሰጠውን የፐርኪን ሜዳይ ተሸለሙ። ዛሬ ቤት የምንቀባበት ነጭ ቀለም ከቲታኒየም የሚሠራ መሆኑም በከፊል ከእርሳቸው ሥራ የመጣ ነው፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነውና እዚህ አናስረዝመውም።

ጥቂት ቲታኒየም በአረብ ብረት ውስጥ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ እንደ መጥረጊያ ያገለግላል። የቀለጠ አረብ ብረት በውስጡ ኦክሲጅንና ናይትሮጅን ይዞ ከቀረ ሲቀዘቅዝ ቀዳዳ ያወጣል፤ ይሰባበራልም። ቲታኒየም እነዚህን አጥብቆ ይይዝና ጉዳት ከማያደርሱበት ሁኔታ ያደርሳቸዋል፤ የሚበዛውም ወደ ዝቃጩ ይወጣል። አንባቢ እንደሚያስተውለው ቲታኒየምን ከድንጋዩ ለማውጣት ያን ያህል መከራ የሆነው ጠባይና አረብ ብረት ሠሪው የሚፈልገው ጠባይ አንድ ነው። ኦክሲጅንን አልለቅ ማለቱ ውድ አደረገው፤ ኦክሲጅንን መያዙም ተፈላጊ አደረገው።

ሁለተኛው ሥራው በማይዝግ ብረት ውስጥ ነው። የማይዝግ ብረት ከዝገት የሚድነው ክሮሚየም ስላለበት ነው። ነገር ግን ሲበየድና ሲግል በውስጡ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን እየያዘ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ያከማቸዋል፤ ያ ድንበርም ክሮሚየም አጥቶ በዝገት ይበላል። ከካርቦኑ ክብደት ቢያንስ 5 እጥፍ ቲታኒየም ቢጨመር ግን ካርቦኑ ቲታኒየምን ስለሚመርጥ ክሮሚየሙ በቦታው ይቀራል። ለመኪና አካል የሚጠፈጠፈው ለስላሳ ቆርቆሮም ከመቶ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ቲታኒየም የተጠራ አረብ ብረት ይሠራበታል። እንግዲህ የሚፈለገው መጠን ጥቂት ነው፤ ያለ እርሱ ግን ብዙ ነገር አይሠራም።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። የሮሲ ቅይጥ ካርቦን ስለነበረበት ካርቦን ለማይፈልግ አረብ ብረት አይሆንም ነበር። ለዚህ መድኀኒት የሆነው በ1890ዎቹ ጀርመናዊው ሐንስ ጎልድሽሚት ያወጡት ዘዴ ነው። የማዕድኑን ዱቄት ከአሉሚኒየም ዱቄት ጋር ቀላቅለው እሳት ቢለኩሱበት አሉሚኒየሙ ኦክሲጅኑን ይነጥቅና ቅይጡ በራሱ ሙቀት ቀልጦ ከታች ይዘቅጣል። ከሰል የለ፣ ወናፍ የለ፤ ከላይ ሲታይ የጸዳ ሥራ ነው። እኛ ግን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ እንደ ተማርነው አስልተን ነበር። 1 ኪሎ ቲታኒየም ለማላቀቅ ቢያንስ 0.75 ኪሎ አሉሚኒየም ይቃጠላል፤ 1 ኪሎ አሉሚኒየም ለመሥራት ደግሞ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ስለዚህ እቶኑ አጠገብ ጢስ ባይታይ እንኳ በሌላ አገር፣ አሉሚኒየሙ በተሠራበት ቦታ፣ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ አስቀድሞ ተከፍሏል። ያ ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል የመጣ ከሆነ ጢሱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ስለ ንጹሕ አሠራር በተነገረ ቁጥር ይህን መጠየቅ ይገባል እንላለን።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሉክሰምበርጉ ዊልያም ክሮል ናቸው። በ1889 የተወለዱ ሲሆኑ በግል ላቦራቶሪያቸው በ1930ዎቹ ቲታኒየምን ከክሎሪን በማግኒዚየም የማላቀቅ ዘዴ አወጡ። በ1938 ወደ አሜሪካ ሄደው ለኩባንያዎች ቢያሳዩ የሚገዛቸው አጡ። በ1940 ጀርመኖች ሉክሰምበርግን ከመውረራቸው ከጥቂት ወራት በፊት አገራቸውን ለቅቀው ተሰደዱ። አሜሪካ ሲደርሱም የጠላት አገር ሰው ንብረት ተብሎ የፈጠራ መብታቸው ተወረሰባቸው፤ ያስመለሱት ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። ዘዴው ግን በ1948 ወደ ፋብሪካ ገባ፤ ዛሬም ንጹሕ ቲታኒየም በብዛት የሚሠራው በክሮል ዘዴ ነው። ክሮል ራሳቸው ግን ዘዴያቸው ለዘላለም ይኖራል ብለው አልተመኩም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ ዘዴ ይተካዋል ብለው ገምተው ነበር። ትንቢታቸው እስካሁን አልደረሰም።

የክሮል ዘዴ አድካሚ ነው። በመጀመሪያ ማዕድኑ ከካርቦንና ከክሎሪን ጋር በታላቅ ሙቀት ይዋሐዳል፤ ከዚያም የካርቦን ጋዝ ይወጣል። የተገኘው ፈሳሽ ተጣርቶ ወደ ቀለጠ ማግኒዚየም ይገባል። ለ1 ኪሎ ቲታኒየም 1 ኪሎ ያህል ማግኒዚየም ይፈጃል። ሰፍነግ የመሰለው ቲታኒየም ተሠርቶ፣ ጨውና ትርፍ ማግኒዚየም ተወግዶለት፣ ከዕቃው እስኪወጣ ድረስ ቀናት ያልፋሉ። ደግሞ አንድ ድስት ሳይወጣ ሌላው አይጣድም። ለአውሮፕላን ሞተር እንዲህ ያለ ድካም ይገባል፤ በአንድ እቶን አረብ ብረት ላይ ለሚበተን ቅይጥ ግን ማን ይከፍለዋል?

የተገኘው መልስ ፍርፋሪ ነው። የአውሮፕላን ክፍሎች ከቲታኒየም ሲቀረጹ ብዙ ፍቅፋቂ ይወድቃል። በ2012 አየር መንገዳችን በአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተቀበለው የቦይንግ 787 አውሮፕላን ከክብደቱ ከመቶ 15 ያህሉ ቲታኒየም ነውና ከእንዲህ ያለ ሥራ የሚወድቀው ፍርፋሪ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ይህን ፍርፋሪ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በኤሌክትሪክ እቶን ቢያቀልጡት ቲታኒየሙ ከመቶ 70 የሆነ ፌሮቲታኒየም ይገኛል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች። ብረት በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቲታኒየምም በ1,668 ዲግሪ። ሁለቱ በዚህ መጠን ሲቀየጡ ግን በ1,085 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ለየብቻቸው እልከኞች የሆኑ ሁለት ሰዎች ተጋብተው እንደሚለሰልሱ ያለ ነው። በዚህም ምክንያት ቅይጡ በቀለጠ አረብ ብረት ውስጥ ቶሎ ይሟሟል።

የፍርፋሪው መንገድ ርካሽ ይመስላል፤ የሚባክነውንም ስለሚያድን መልካም ነው። ነገር ግን ርካሽ የሆነው ዋናውን ወጪ አውሮፕላን ሠሪው ስለ ከፈለ ብቻ ነው። የአውሮፕላን ገበያ ሲቀዘቅዝ ፍርፋሪውም ያንሳል። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ከጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የወጣ የቲታኒየም ፍርፋሪ ወደ ምዕራብ ገበያ ጎረፈ። እንግዲህ የማይዝግ ድስት የሚሠራ ሰው የዕቃው ዋጋ በጦርነትና በበረራ ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ ማለት ነው።

ከዚህም ይልቅ እኛን ያስደነቀን የመንገዱ ጠመዝማዛነት ነው። ብረትና ቲታኒየም በኢልመናይት ውስጥ አንድ ላይ ተወለዱ። የሰው ልጅ በመጀመሪያ ብረቱን አውጥቶ ይለያቸዋል። ቀጥሎ ቲታኒየሙን በክሎሪንና በማግኒዚየም ያጠራዋል። ከዚያ አውሮፕላን ይቀርጽበትና የወደቀውን ፍርፋሪ እንደ ገና ከብረት ጋር ያቀልጠዋል። የተጋቡትን አፋቶ፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ መልሶ ማጋባት ነው። ለአውሮፕላን ሠሪው ይህ ግድ ነው፤ ለአረብ ብረት ሠሪው ግን ብረት ጠላቱ አይደለም። ስሌቱም ቀላል ነው፤ ከኢልመናይት ኦክሲጅኑ ብቻ ቢወጣለት የሚተርፈው ከመቶ 46 ቲታኒየምና ከመቶ 54 ብረት ነው። ይህ ማለት ራሱ ፌሮቲታኒየም ነው።

ታዲያ ኦክሲጅኑን ብቻ ማውጣት ይቻላልን? በ1990ዎቹ መጨረሻ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዴሪክ ፍሬይ፣ ቶም ፋርዚንግና ጆርጅ ቼን የሚባሉ ሊቃውንት በቲታኒየም ገጽ ላይ ያለውን የኦክሲጅን ቅርፊት በኤሌክትሪክ ለማስለቀቅ ይሞክሩ ነበር። በሙከራቸው መካከል ቅርፊቱ እንዲሁ ወደ ቲታኒየምነት እንደሚለወጥ አዩ። ስለዚህ ነጩን የቲታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ጠፍጥፈው በቀለጠ የካልሲየም ክሎራይድ ጨው ውስጥ፣ በ950 ዲግሪ ገደማ፣ 3 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ ሰጡት። ጠፍጣፋው ሳይቀልጥ፣ ቅርጹንም ሳይለቅ ኦክሲጅኑ ወጥቶ ቲታኒየም ሆነ። ይህን በ2000 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። ክሮል የተነበዩት ደረሰ ተብሎ ብዙ ተወራ። በ2001 ሜታሊሲስ የሚባል ድርጅት ዘዴውን ይዞ ተመሠረተ፤ ሆኖም ላቦራቶሪና ፋብሪካ አንድ አይደሉምና በ2019 ድርጅቱ ከስሮ በሌላ ተገዛ። የመጨረሻዋን የኦክሲጅን ቅሪት ማስወጣት ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ከኤሌክትሪኩም ብዙው ይባክናል።

ሆኖም በአረብ ብረት ሠሪው በኩል ሲታይ ነገሩ ተስፋ አለው። ተመራማሪዎች በነጩ ዱቄት ፈንታ ኢልመናይትን ራሱን በጨው ውስጥ ነክረው ሞክረዋል፤ ብረቱ ቀድሞ ኦክሲጅኑን ይለቃል፤ ቲታኒየሙ ተከትሎ ይለቅና ከብረቱ ጋር ይቀየጣል። ክሎሪን አላስፈለገም፤ ማግኒዚየምም አላስፈለገም። ለአረብ ብረት የሚሆን ቅይጥ የሚጠየቀው ንጽሕናም ለአውሮፕላን እንደሚጠየቀው የጠበቀ አይደለም። የቀረው ችግር ኤሌክትሪኩ የሚገባበት የካርቦን ዘንግ ነው። የሚወጣው ኦክሲጅን ከዘንጉ ጋር ተዋሕዶ የካርቦን ጋዝ ይሆናል፤ ባሰላነው መሠረት ከቲታኒየሙ ድርሻ ብቻ ለ1 ኪሎ 0.9 ኪሎ ያህል ነው። ዘንጉ በማይቃጠል ነገር ቢተካ የሚወጣው ለመተንፈስ የሚሆን ኦክሲጅን ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ900 ዲግሪ የቀለጠ ጨው ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ዘንግ መሥራት ከሁሉ የከበደ ሆኖ ተገኝቷል፤ ምርምሩም በብዙ አገር ቀጥሏል።

በካናዳ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሞክራሉ። በኬቤክ ሶሬል በሚባል ቦታ ከ1950 ጀምሮ ኢልመናይት ከድንጋይ ከሰል ጋር በኤሌክትሪክ እቶን እየቀለጠ ብረቱ በአንድ በኩል፣ ቲታኒየም የበዛበት ዝቃጭ በሌላ በኩል ይወጣል። የፋብሪካው ባለቤት ሪዮ ቲንቶ በ2023 ከሰሉን የሚቀንስ አዲስ አሠራር በሙከራ እቶን የጀመረ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ቢሠራበት ጋዙ እስከ ከመቶ 95 ሊቀንስ ይችላል ብሎ ድርጅቱ ራሱ ይናገራል። ይህ ግን የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ የሚመለከት ነው፤ ዝቃጩን ወደ ቅይጥ ለመለወጥ ያለው ድካም እንዳለ ነው።

የአዲሮንዳኩ ድንጋይም ተረስቶ አልቀረም። በ1941፣ በጦርነቱ ምክንያት ከህንድ በመርከብ የሚመጣው ኢልመናይት ባሠጋ ጊዜ፣ ነጭ ቀለም ሠሪዎች ወደዚያው ጫካ ተመልሰው ማዕድኑን ለቲታኒየሙ ብለው ይቈፍሩት ጀመር፤ እስከ 1980ዎቹም ሠሩበት። በመጀመሪያ ለብረቱ የተፈለገና በቲታኒየሙ የተጠላ ድንጋይ፣ ኋላ ለቲታኒየሙ ተፈለገ፤ ብረቱ ትርፍ ሆነ።

በአገራችንም ይህን የመሰለ ድንጋይ አለ። በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ አጠገብ ቢቂላል በሚባል ቦታ፣ በ1980ዎቹ በጂኦሎጂ ሰዎች የተጠና፣ ማግኔታይት፣ ኢልመናይትና አፓታይት የተቀላቀሉበት አለት ይገኛል። ማግኔታይቱ ብረት፣ ኢልመናይቱ ብረትና ቲታኒየም፣ አፓታይቱ ፎስፈረስ የያዘ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚመጣ በመሆኑም፣ በተለይ ታላቁ የህዳሴ ግድብ በ2025 ከተመረቀ ወዲህ፣ ሮሲ በናያግራ ያገኙት ዐይነት ጢስ የሌለው ኀይል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ወዲያው እቶን መትከል የአዲሮንዳክን መንደር መድገም ይሆናል። ፎስፈረስ አረብ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋልና፤ ለገበሬው ማዳበሪያ ግን የሚፈለገው ያው ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ አለቱ በመጀመሪያ መፈጨት፣ አፓታይቱ በውሃ ተንሳፍፎ መለየት፣ ከዚያም ማግኔታይቱ በደካማ ማግኔት፣ ኢልመናይቱ በብርቱ ማግኔት መሳብ አለበት። ለዚህ ሥራ ደግሞ ድንጋዩ እስከ ምን ድረስ ሲደቅ ሦስቱ እንደሚላቀቁ በላቦራቶሪ መለካት ያስፈልጋል፤ ከዘንድሮ ተመራቂዎች መካከል ወደ ጂኦሎጂና ወደ ብረታ ብረት ትምህርት ለመግባት ያመለከቱ ጓደኞቻችን አሉና ልኬቱን ለእነርሱ ትተንላቸዋል።